ሞተሬን በምን ላንሳው?

ጥያቄ፦ የ64 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ቡና ማሳዬ የምመላለስበትን ሞተር ዘይትና ካቴና የማየው ራሴ ነኝ፤ አሁን ግን ወገቤ አስቸገረኝ። ማንሻ ልግዛ? የትኛውን?
ከአጋሮ

መልስ፦ ወገብን አብዝቶ የሚጎዳው ጎንበስ ብሎ መቆየትና ሞተሩን መሐል መቆሚያው ላይ በጉልበት ስቦ ማውጣት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ፦ የኋላውን ጎማ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጣውላ ላይ ያውጡት፤ ከዚያ መቆሚያውን በእግርዎ ሙሉ ክብደት ይርገጡት። ሳይታገሉ ይነሣል። ጣውላውን ስበው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ የካቴናውን ቀይ ጭቃ ያጽዱ። ሞተሩን አስነሥተው ግን በፍጹም፤ ጣት ይቆርጣል።

መቀስ መሰሉን ክሪክ አልመክርዎትም፤ ከሥር ጠፍጣፋ ቻሲ ካላገኘ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ላይ ያርፋል። ባለ ጠረጴዛው የሃይድሮሊክ ማንሻ ምቹ ነው፤ ሆኖም ከ110 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር ወደ ላይ መግፋት ረዳት ይጠይቃል፣ ወለሉም ሲሚንቶ መሆን አለበት። ከገዙ የብረት መቆለፊያ ያለውን ይምረጡ፤ ዘይቱ ቢያፈስ ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው።

የፍሬንና የጎማ ኩሽኔታ ሥራ ለመካኒክ ይተዉ። ሕመሙ ወደ እግርዎ ከወረደ ወይም እግርዎን ካደነዘዘዎት ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቢታዩ ይሻላል።