ሳይንስ ለማይወድ ተማሪ የወንጀል ምርመራና የፍትሕ ሥራ

ተማሪዎቻችን የወደፊት ሙያቸውን በሚሞሉበት ቅጽ ላይ በየዓመቱ የማይጠፋ አንድ መልስ አለ፤ «ወንጀል መርማሪ መሆን እፈልጋለሁ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ግን አልወድም።» ወላጆችም ይህንኑ ይዘው ወደ ሙያ ምክር ክፍላችን ይመጣሉ። ልጃቸው የማይሆን ነገር የተመኘ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ምኞቱና የትምህርት ዝንባሌው ይጋጫሉ አንልም።

ግራ የሚያጋባው ፊልሙ ነው። በፊልም አንድ ሰው ደሙን ያነሣል፣ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ተጠርጣሪውንም ሮጦ ይይዛል። በእውነቱ ሥራ ግን ይህ ሁሉ የተከፋፈለ ነው። በኬንያ ለምርመራ የተላከን ናሙና የሚመረምሩት እንደ መንግሥት ኬሚስት ባሉ መሥሪያ ቤቶች ያሉ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው። መርማሪው ሰው ይጠይቃል፣ ቃል ይቀበላል፣ ይጽፋል፣ የአንዱን ቃል ከሌላው ጋር ያመሳክራል። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን አንብቦ ክስ ይመሥረት ወይስ አይመሥረት ይወስናል። ጠበቃው ያንኑ መዝገብ ቀዳዳ ይፈልግበታል። ፕሮቤሽን ኦፊሰር የሚባለው ሠራተኛ ደግሞ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት የጥፋተኛውን ቤተሰብና ኑሮ አጥንቶ ለፍርድ ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል። ሁሉም ከቀን ወደ ቀን የሚውሉት በንባብ፣ በጽሑፍና ሰውን በማዳመጥ ነው። (ይህን ስንል ግን የሳይንስ ደብተር ይጣል ማለታችን አይደለም። የላቦራቶሪውን ሪፖርት አንብቦ የማይረዳ መርማሪ ሞኝ ይሆናል፤ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያም ነጥቡ ይቈጠራል።)

እኛ በሰፊው ልናነሣው የወደድነው ግን በቅጹ ላይ ማንም ጽፎት የማያውቀውን ሥራ ነው፤ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነትን።

ከሞያሌ ወደ ደቡብ ሲጓዙ የተያዙ ወገኖቻችን በኬንያ ፍርድ ቤት መቅረባቸው ለማናችንም አዲስ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 50 ደግሞ የችሎቱን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዛል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ይህንኑ መብት በመንግሥት ወጪ ይሰጣል። የተጻፈው መብት የሚሠራው ግን ሁለቱንም ቋንቋ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ነው።

ምን ያህል ነገር በአንድ ቃል ላይ እንደሚንጠለጠል እንመልከት። ተከሳሹ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተኝቼ ነበር» ይላል። ስዋሂሊም ሰዓትን የሚቈጥረው እንደ እኛ ስለሆነ «ሳ ናኔ ኡሲኩ» ቢባል ምንም አይጎድልም። በእንግሊዝኛ ግን መመዝገብ ያለበት ሁለት ሰዓት ተብሎ ነው። ስምንት ተብሎ ከተጻፈ ሰውየው የነበረበት ጊዜ በስድስት ሰዓት ይዛባል፤ ምስክሮቹም ሐሰተኛ ይመስላሉ።

ከዚህ የሚከፋው የዓመተ ምሕረቱ ነገር ነው። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በሰኔ 2017 ዓ.ም. 16 ዓመቱ ነው። አስተርጓሚው «2001» ብሎ ካለፈና ጸሐፊው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከያዘው፣ በመዝገቡ ላይ 24 ዓመት የሞላው ጎልማሳ ይሆናል። የኬንያ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ይለዋል፤ ከታሰረም ከአዋቂ ተለይቶ እንዲያዝ ያዛል። ስምንት ዓመት የተጨመረበት ልጅ ግን ከአዋቂዎች ጋር ይታሰራል።

ሦስተኛው ግሱ ነው። «ዕቃውን አነሣሁት» ያለውን ሰው «ሰረቅሁት አለ» ብሎ መተርጐም በአማርኛ ጨዋታ ቀላል ሊመስል ይችላል። በሕግ ግን ስርቆት ማንሣት ብቻ አይደለም፤ የማታለል ሐሳብ አብሮት መኖር አለበት። አስተርጓሚው ተከሳሹ ያላመነውን አሳመነው ማለት ነው።

ለልጆቻችን ከባዱ ግን የቋንቋው ዕውቀት አይመስለንም። ብዙዎቻችሁ ለእናት በክሊኒክ፣ ለአጎት በኢሚግሬሽን መስኮት እያስተረጐማችሁ ነው ያደጋችሁት። እዚያ ግን ማሳጠር፣ ማለስለስ፣ እናት የረሱትን መጨመር ለምዳችኋል። በችሎት ይህ ሁሉ ክልክል ነው። አስተርጓሚ ምሎ ነው የሚገባው። የአገሩ ልጅ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ቢያይም «እንዲህ በል» ሊለው አይችልም፤ ያ የጠበቃው ድርሻ ነው።

ስለ ገቢው እንዳይወሻሽ፦ ለአማርኛ አስተርጓሚ በየቀኑ ጉዳይ አይኖርም። ስለዚህ ከሕግ፣ ከጋዜጠኝነት፣ ከማኅበራዊ ሥራ ወይም ከጽሑፍ ትርጉም ጋር አጣምሮ መያዝ ይበጃል። ኢትዮጵያ ገብቶ ሕግ መማር የሚፈልግ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ በኩል ይገባል፤ የመጀመሪያው ዲግሪ አምስት ዓመት ይፈጃል። ፖሊስነት የሚያምረው ደግሞ በሰንዳፋ ያለውን የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ይጠይቅ። ወላጆች አንድ ነገር አስቀድማችሁ አጣሩ፤ የልጁ ፓስፖርት የየት አገር ነው? የኬንያ ፖሊስ የሚቀጥረው የራሱን ዜጎች ነው፤ ጥብቅናም የዜግነት ጥያቄ አለበት። ይህን ዩኒቨርሲቲ ከጨረሱ በኋላ መስማት ያማል።

በክረምቱ ሁለት ነገር ሞክሩ። በሚሊማኒ ያሉት ችሎቶች በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ከአዋቂ ጋር ሄዳችሁ፣ መግባት መፈቀዱን ጠይቃችሁ፣ ግማሽ ቀን ተቀመጡ፤ የሚሟገቱትን ብቻ ሳይሆን የሚያስተረጕመውን ሰው ተመልከቱ። ቤት ውስጥ ደግሞ እናት ወይም አባት ስለ አንድ ቀን ውሏቸው ለአምስት ደቂቃ በአማርኛ ያውሩ፤ ልጁ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ «እኔ» የተባለውን «እኔ» እያለ፣ በእንግሊዝኛ ይመልስ፤ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት እየሰሙ ይቈጣጠሩ። «እማዬ ማለት የፈለገችው» ብሎ ከጀመረ፣ ከመጀመሪያው ይድገመው።