ሲጥ ሲጥ የሚል ደረጃ

የእንጨት ደረጃ ባለው ቤት የኖረ ሰው፣ ሌሊት ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ የትኛውን መርገጫ መዝለል እንዳለበት ያውቃል። በፒያሳ አሮጌ ፎቆች ላደገ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ድምፁ ደረጃው ሊወድቅ የደረሰ ቢያስመስለውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ አይደለም። ሁለት ጣውላዎች ወይም ጣውላና ምስማር፣ ክብደት ባረፈባቸው ቁጥር ሲፋተጉ የሚያሰሙት ነው። መነቃነቁ ከቆመ ጩኸቱም ይቆማል።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያውም በቁመቱ እምብዛም ሳይለወጥ በወርዱ ነው። ምስማሩ ግን አብሮት አይኮማተርም፤ ስለዚህ ቀዳዳው እየሰፋ ይላላል። ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራበት በዚህ በኩል ክፉ ነው፤ ዋንዛ ይሻላል። ክረምቱን ዝም ብሎ የከረመ ደረጃ ጥር ላይ መጮህ የሚጀምረውም ለዚህ ነው። እኔ ጥገናውን በበጋ ብታደርጉት እመርጣለሁ፤ ክፍተቱ ያኔ አፉን ከፍቶ ይታያል።

መጀመሪያ ቦታውን ለዩ። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ይውጣ፤ ሌላው ከሥር ሆኖ ያዳምጥ፣ የጮኸውንም በጠመኔ ምልክት ያድርግበት። ድምፁ ከመርገጫው የፊት ጠርዝ፣ ከኋላው ወይም ከጎን ሊመጣ ይችላል፤ መፍትሔው እንደ ቦታው ይለያያል።

የደረጃው ሆድ ክፍት ከሆነ፣ ለምሳሌ ዕቃ ማስቀመጫ ከሆነ፣ ሥራው ቀላል ነው። ከሥር ሆናችሁ መርገጫው ከቆመው ጣውላ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በባትሪ እዩ። ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ከደረቅ እንጨት ቀጭን ሽብልቅ ጥረቡ፣ ኮላ ቀቡትና ሰክታችሁ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ጠበቅ ሲል ተዉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ሽብልቁን እስኪያቅተው ሲመታ መርገጫውን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ያልጮኸውም ጎን መጮህ ይጀምራል። የተረፈውን በቢላ ቁረጡት። ቀጥሎ ከሞራሌ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ፣ ሁለቱን ጎኖች ኮላ ቀብታችሁ በማዕዘኑ ውስጥ አስጠጉትና በቪቲ እሰሩት። የቪቲው ጫፍ በመርገጫው ላይ እንዳይወጣ ርዝመቱን አስቀድማችሁ ለኩ፤ ባዶ እግሩን የሚወርድ ልጅ አለ።

ሆዱ በኮርኒስ ከተዘጋ ከላይ መሥራት ግድ ነው። ከቪቲው ቀጠን ባለ ፑንታ በትራፓኖ ብሱ፤ ሳይበሱ ማስገባት በተለይ ባሕር ዛፍን ይሰነጥቃል። ሁለት ቪቲ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ አዘንብላችሁ፣ መርገጫውን አልፈው በቆመው ጣውላ ጠርዝ እንዲነክሱ አስገቡ፤ ስታጠብቁ አንድ ሰው መርገጫው ላይ ይቁም። የቪቲዎቹን ራስ አስጥማችሁ ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኑ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

ተጨማሪ ምስማር መምታት የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልመክርም፤ ፊተኛውን ያላላው ነገር ይኼኛውንም ያላላዋል። ዘይት ማፍሰስ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፦ አቧራ ይሰበስባል፣ በኋላ ኮላ እንዳይዝ ያደርጋል። እንግዳ ሊመጣባችሁ ከሆነ የሕፃን ፓውደር በስንጥቁ ውስጥ ነስንሱ፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም ያሰኘዋል።

ከሥራው በፊት የካቻቪቴ ጫፍ በየጣውላው ላይ ተጭናችሁ ሞክሩ። በቀላሉ ከሰመጠ ምስጥ ገብቶበታል ወይም በስብሷል፤ ደረጃው ከግድግዳው ከራቀም እንዲሁ አናጺ ጥሩ እንጂ በራሳችሁ አትነካኩት።

ኮላው እስኪደርቅ መርገጫውን አንድ ቀን አትርገጡት። ሌላ መውጫ ከሌላችሁ እየዘለላችሁ ጠግኑ፦ ዛሬ 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን፣ ነገ የቀሩትን።