የገና ጌጥና የቤተሰብ ትዝታ

ሀ. የመንደርደሪያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ለዓመት በዓል ብቻ የሚወጣ ዕቃ አለ? ከማን እንደ ተገኘ ታውቃላችሁ?
2. ብዙ ገንዘብ የማያወጣ ዕቃ ውድ ሊባል ይችላልን? እንዴት?

ለ. ምንባብ

በአንድ ቤት ውስጥ የሚገኙ ዕቃዎች በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ በየዕለቱ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ድስት፣ ወንበርና ብርድ ልብስ ከዚህ ወገን ይመደባሉ። እነዚህ ሲያረጁ ይለወጣሉ፤ ሲሰበሩ ይጣላሉ። ሁለተኛዎቹ ግን ዓመቱን ሙሉ በሣጥን ተቆልፈው ይከርሙና በዓል ሲደርስ ብቻ የሚወጡ ናቸው። ቢያረጁም አይለወጡም፤ ቢሰበሩም ተጠግነው ይቀመጣሉ። የገና ጌጦች ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ወደ ገበያ ቢወጡ የሚያወጡት ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ባለቤቶቻቸው በብዙ ገንዘብ እንኳ ሊለውጧቸው አይፈቅዱም። የዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን ኑሮ መመልከት ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ይረዳል።

ኢትዮጵያና ኬንያ ጎረቤታሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳና በዲላ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ሞያሌ ላይ ድንበሩን ይሻገርና በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ ይገባል። የጉዞው ርዝመት በጠቅላላው ከ1,400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚህ አቅጣጫ ነጋዴም፣ ተማሪም፣ ስደተኛም ተጉዟል። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ተሰደው በኢሲዮሎ፣ ኋላም በታቬታ በተዘጋጁ ሰፈሮች ኖረዋል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ፣ በተለይም በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ፣ ሌሎች ብዙዎች ተከተሏቸው። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በ1992 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የካኩማ የስደተኞች መጠለያም ከሌሎች አገሮች ሰዎች ጋር ኢትዮጵያውያንን አስጠግቷል። ዛሬ በናይሮቢ በኢስትሊ፣ በኪሊማኒና በሐርሊንግሃም ሰፈሮች የኢትዮጵያውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች ይገኛሉ።

ቤቱን ለቆ የሚሰደድ ሰው ያለውን ሁሉ ሊሸከም አይችልም። አልጋው፣ ጠረጴዛውና ቁም ሣጥኑ ለጎረቤት በአደራ ይሰጣሉ፤ አለዚያም ይሸጣሉ። የሚያዘው ቀላልና ትንሽ ዕቃ ነው። ስለዚህ በልብስ መካከል የምትጠቀለል የበዓል ጌጥ ከትልቁ ንብረት ይልቅ ከባለቤቷ ጋር ረጅም መንገድ የመሄድ ዕድል አላት።

በናይሮቢ ገና ሁለት ጊዜ ይመጣል። ኬንያውያን ክርስቲያኖች «ክሪስማሲ» የሚሉትን በዓል የሚያከብሩት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ቀን ይሆናል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ግን ልደትን የሚያከብሩት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። በሁለቱ በዓላት መካከል የ13 ቀን ልዩነት አለ። በመጀመሪያው በዓል ብዙ የናይሮቢ ነዋሪዎች ወላጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደየትውልድ መንደራቸው ስለሚሄዱ የከተማዪቱ ግርግር ይቀንሳል። ከቀሩት ጎረቤቶች ቤት የጥብስ ሽታ ይመጣል፤ በኢትዮጵያዊው ቤት ግን ኅዳር 15 ቀን የተያዘው ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታም።

በሁለተኛው በዓል ነገሩ ይገለበጣል። በኢትዮጵያዊው ቤት ዶሮ ተሠርቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ቡና ሲፈላ፣ ጃንዋሪ 7 ለከተማዪቱ እንደ ማንኛውም ቀን ነው። ዕለቱ እሑድ ካልዋለ በቀር ሱቁ ይከፈታል፤ ሠራተኛውም ወደ ሥራው ይሄዳል። በአገር ቤት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ የገበያው ትርምስ፣ የጎረቤቱ መጥሪያ፣ በሜዳ ላይ ሩር የሚመቱት የገና ተጫዋቾች ጩኸት የበዓሉን መምጣት ለልጅ ያስታውቁታል። በናይሮቢ ግን ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አደባባዩ ስለ በዓሉ አንዳች አይናገርም። የደወሉንም፣ የገበያውንም፣ የሜዳውንም ሥራ የሚሠራው ከሣጥን የወጣው ጌጥ ነው።

ከጌጦቹ ሁሉ ቀድሞ ዐይን የሚስበው ዛፉ ነው። ዛፍን ለገና ማስጌጥ በጀርመን አገር በ16ኛው መቶ ዓመት የታወቀ ልማድ ነበር። በመጀመሪያ በቅርንጫፎቹ ላይ ይንጠለጠሉ የነበሩት እንደ ፖም ያሉ የሚበሉ ነገሮች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ላውሻ በምትባል የጀርመን ከተማ የነበሩ ብርጭቆ ሠሪዎች እየነፉ የሚያበጇቸው ባለ ቀለም ኳሶች ወደ ብዙ አገር ይሸጡ ጀመር። ልማዱ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የአገሩን መልክ ያዘ። ዛፉ ጥድ ሆነ። እንደ አውሮፓ በረዶ መሬቱን በማያለብስበት ከተማ፣ የበረዶው ምሳሌ እንዲሆን በቅርንጫፎቹ ላይ ጥጥ ተበተነ።

የሐበሻ ጥድ የሚባለው ዛፍ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚበቅል አይደለም። በኬንያ ደጋማ ቦታዎችም ይገኛል፤ የኪኩዩ ሕዝብ «ሙታራክዋ» ይለዋል። የፈረንጅ ጥድ ደግሞ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን በሁለቱም አገሮች ተተክሎ ተላምዷል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ስደተኛ ቋንቋው፣ ገንዘቡና የቀን አቆጣጠሩ በተለወጠበት ከተማ ውስጥ የጥዱን ሽታ ሳይለወጥ ያገኘዋል።

ጌጥ ትዝታን እንዴት እንደሚይዝ ለማስረዳት አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት ሊወሰድ ይችላል። ቤተሰቡ በ1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥቶ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ የገባ ነው እንበል። በገና ዋዜማ እናቲቱ ከአልጋ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ያወጣሉ። በውስጧ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛው በየዓመቱ ከዛፉ ላይ ተለቅሞ የሚመለስና ነጭነቱ ወደ ቢጫነት የተለወጠ ባዘቶ ነው። ሁለተኛው ጎኑ የተሰበረ ቀይ የብርጭቆ ኳስ ነው። ሦስተኛው ከስንደዶና ከአክርማ በወስፌ የተሰፋች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ሰፌድ ናት። አራተኛው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል፣ ቀለሙ የደበዘዘ ካርድ ነው።

ለማያውቅ ሰው እነዚህ ዕቃዎች ከጥራጊ አይለዩም። ለእናቲቱ ግን እያንዳንዳቸው የሰው ፊት አላቸው። ባዘቶው የእናታቸው ነው፤ ለነጠላ ፈትል አዘጋጅተውት ሳይፈትሉት ልጃቸው ተሰደደችባቸው። ኳሱ የተሰበረው በጉዞው ላይ የጭነት መኪናው ጉድጓድ በመታ ጊዜ ነው፤ በዚያች ሌሊት ከሕፃኑ ልቅሶ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሰፌዷን የሰፋችው በአገር ቤት የቀረችው እኅታቸው ናት። ካርዱ ደግሞ ከብዙ ወራት ዝምታ በኋላ ከወንድማቸው የደረሰ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። በላዩ ከተጻፈው ሰላምታ ይልቅ ትልቁ ወሬ ፊርማው ነበር፤ ወንድማቸው በሕይወት መኖሩን የነገራቸው እርሱ ነውና።

ልጆቹ ግን በናይሮቢ አድገዋል። በትምህርት ቤት የሚማሩት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ነው። የሚያዩት ያደፈ ጥጥ፣ የተሰበረ ኳስና አጣርተው ሊያነቡት የማይችሉት ካርድ ነው። አንድ ዓመት ታላቂቱ ልጅ፣ «እማዬ፣ ይህን አሮጌ ነገር ጥለን ከሱቅ አዲስ ብንገዛ አይሻልም?» ብላ ትጠይቃለች። ይህ ጥያቄ የንቀት ምልክት አይደለም። ያልተነገረውን ማወቅ አይቻልም፤ እናቲቱም ለብዙ ዓመታት አልተናገሩም።

ወላጆች ዝም የሚሉበት ምክንያት አለ። የጌጡ ታሪክ የደስታ ብቻ አይደለም፤ ሞት፣ መለየትና ፍርሃት ይገኙበታል። በዓል ደግሞ የሐሴት ቀን ስለ ሆነ የልጆቹን ልብ ማሳዘን አይፈልጉም። ነገር ግን ዝምታው ልጆቹን ከኀዘን ቢጠብቃቸውም ከቤተሰባቸው ታሪክ ይለያቸዋል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ባልተነገረ ጊዜ የሚቀረው ሹመት ብቻ አይደለም፤ አያትም፣ አክስትም፣ አገርም ይቀራል። ዕቃ ታሪኩን ራሱ አይናገርም። እናቲቱ ሳይናገሩ ቢያልፉ ሣጥኗን የሚከፍተው ልጅ ዕቃውን የሚጥለው በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ይሆናል።

ስለዚህ ለልጂቱ ጥያቄ የሚገባው መልስ ቁጣ አይደለም። እናቲቱ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ በአንድ ቢነግሯት፣ እርሷም የሰማችውን በወረቀት ጽፋ በሣጥኗ ውስጥ ብታኖር፣ ዕቃው ሁለተኛ ጠባቂ ያገኛል። ቀድሞ ስብራቱ እንዳይታይ ወደ ግድግዳው ይዞር የነበረው ኳስም ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ሊሰቀል ይችላል፤ ስብራቱ የሚታፈርበት ነገር መሆኑ ቀርቷልና።

ይህ ማለት አዲስ ጌጥ ከቤት አይግባ ማለት አይደለም። ናይሮቢም ለገና የሚሆን የራሷ የእጅ ሥራ አላት። ማሳይ ገበያ በሚባለው የዕደ ጥበብ ገበያ በጨሌ የተሠሩ ኮከቦችና ከደረቀ የሙዝ ተክል ቅርፊት የተሠሩ የልደት ምስሎች ይሸጣሉ። በካረን ሰፈር በ1975 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሸክላ ዶቃ መሥሪያ «ካዙሪ» ይባላል፤ ቃሉም በስዋሂሊ «ትንሽና ውብ» ማለት ነው። ልጂቱ ከዚህ ገበያ ገዝታ ያመጣቻት የጨሌ ኮከብ በአያቷ ባዘቶ አጠገብ ብትሰቀል አንዷ ሌላውን አታስነውረውም። ባዘቶው ቤተሰቡ ከየት እንደ መጣ ሲናገር፣ ኮከቧ የት እንደ ኖረ ትናገራለች። ከሠላሳ ዓመት በኋላም ኮከቧ አሮጌ ትሆንና ታሪኳን የሚጠይቅ ሌላ ልጅ ይመጣል።

እንግዲህ የገና ጌጥ የሚከበረው ከተሠራበት ነገር የተነሣ አይደለም። የሚከበረው የሌሉ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን በማዕዱ ዙሪያ እንዲታሰቡ ስለሚያደርግ ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ታላላቆች ሳይሰለቹ ሲናገሩና ታናናሾችም ሳያፍሩ ሲጠይቁ ነው። ሣጥኑን መውረስ ቀላል ነው፤ ታሪኩን ለመውረስ ግን ተናጋሪው በሕይወት ሳለ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሐ. የቃላት ፍች

ባዘቶ፦ ተፈልቅቆና ተነድፎ ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ
ወስፌ፦ ሰፌድ፣ መሶብና የመሳሰሉት የሚሰፉበት ጫፉ ሹል የሆነ መሣሪያ
ሩር፦ በገና ጨዋታ ጊዜ በዱላ የምትመታ ድቡልቡል
ዋዜማ፦ የበዓል ዋና ቀን ከመድረሱ በፊት ያለው ዕለት
ጨሌ፦ ለጌጥ የሚሆን ደቃቅ ዶቃ
ሐሴት፦ ታላቅ ደስታ

መ. መልመጃ

ትእዛዝ 1፦ ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. የቤት ዕቃዎች በስንት ወገን ተከፍለዋል? የመከፈላቸውስ ምክንያት ምንድን ነው?
2. በናይሮቢ ገና ሁለት ጊዜ ይመጣል የተባለው ለምንድን ነው?
3. በስደት አገር የጌጡ ሥራ ከአገር ቤት ይልቅ የሚከብደው ለምንድን ነው?
4. ከካርዱ ሰላምታ ይልቅ ፊርማው ትልቅ ወሬ የሆነው እንዴት ነው?
5. የወላጆች ዝምታ ምን ጥቅምና ምን ጉዳት አለው?

ትእዛዝ 2፦ የሚከተሉትን ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ካላቸው ትርጉም ጋር እያዛመዳችሁ አብራሩ።

1. «እያንዳንዳቸው የሰው ፊት አላቸው»
2. «ዕቃው ሁለተኛ ጠባቂ ያገኛል»
3. «አንዷ ሌላውን አታስነውረውም»

ትእዛዝ 3፦ ከቤታችሁ አንድ አሮጌ የበዓል ዕቃ መርጣችሁ ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ አንዱን ስለ ዕቃው ጠይቁ። ማን እንደ ሠራው ወይም እንደ ገዛው፣ ከየት እንደ መጣና ማንን እንደሚያስታውስ በሁለት አንቀጽ ጻፉ። ጽሑፋችሁን ለጠየቃችሁት ሰው ካነበባችሁለት በኋላ የተሳሳተውን አርሙ።