ወሊማው የት ይደገስ?

 

ሽማግሌ ተልኮ፣ የልጅቱ ወሊይ እሺ ብሎ፣ መህሩም ከተቆረጠ በኋላ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ "የት ነው የሚደገሰው?" የሚል ነው። በአባቶቻችን ጊዜ ይህ ጥያቄ አያስጨንቅም ነበር። ዳሱ በግቢ ይጣላል፤ ጎረቤት ድስቱንና ሰፌዱን ይዞ ይመጣል፤ አለቀ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዳስ የሚያስጥል ግቢ ያለው ሰው ጥቂት ነው። መርካቶ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ በአንድ በር የሚወጣበትና የሚገባበት ቤት አለ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖርም አለ። ስለዚህ አዳራሽ መፈለግ ነውር አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጽሑፉ አዳራሽን ለማውገዝ የተጻፈ እንዳይመስል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኛው ቤት የሆነውን ላንሳ። የእህቴን ልጅ ለመዳር አዳራሽ ተያዘ፤ ቀብድም ተከፈለ። አዳራሹ የሚይዘው 250 ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን ስም መጻፍ ስንጀምር ዝርዝሩ 400 አለፈ። መቀነስ ግድ ሆነ። ታዲያ እነማን ተቀነሱ? የአባቷ የንግድ ሸሪኮች አልተቀነሱም። ከውጭ አገር የመጡት ዘመዶችም አልተቀነሱም። የተቀነሱት ቁርኣን ያስቀሯት ሸኽና ልጅቱን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓት፣ ጉሊት ቸርችረው የሚያድሩት ጎረቤታችን ነበሩ። በሰርጉ ማግስት እኒያ እናት ቤት ድረስ መጥተው "እንኳን ለዚህ አበቃችሁ፤ ልጄን ግን ሙሽራ ሆና ሳላያት ሄደች" አሉን። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱ ከየት መጣ? ማናችንም ክፉ አስበን አይደለም። ቦታውን አስቀድመን እንግዳውን ስላስከተልን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወሊማ ምግብ ሁሉ መጥፎው ሀብታሞች ተጠርተው ድሆች የሚተዉበት መሆኑን ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ብዙዎቻችን ይህን ሐዲስ ስንሰማ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለናል። ድሃ አይጠራ ብሎ አፍ አውጥቶ የሚወስን ሙስሊም የለማ! አዳራሹ ይወስንለታል እንጂ። በሰው ቁጥር የሚከፈልበት ቦታ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ስም ዋጋ ይለጠፍበታል። ዋጋ ሲለጠፍበት መጀመሪያ የሚሰረዘው ስጦታ ይዞ የማይመጣው ሰው ነው።

የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ወሊማዎች እንመልከት። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከኸይበር ሲመለሱ እናታችንን ሰፊያን (ረ.ዐ) ያገቡት በመንገድ ላይ ነው። አነስ (ረ.ዐ) እንዳወሩት ዳቦም ሥጋም አልነበረም። የቆዳ ምንጣፍ በመሬት ላይ ተነጠፈ፤ ተምር፣ የደረቀ አይብና ቅቤ ቀረበበት፤ ያለው ሰው ያለውን አምጥቶ ጨመረበት። ወሊማው ይኸው ነበር። የተጠራና ያልተጠራ ብሎ የሚለይ በርም አልነበረውም። በሌላ ጊዜ እናታችንን ዘይነብን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ደግሞ በግ ታርዶ ሕዝቡ ዳቦና ሥጋ እስኪጠግብ በልቷል። ይህ ድግስ በቤት ነበርና የቤት ድግስ ችግርም አብሮ ታየ። ሰዎች ከበሉ በኋላ ጨዋታ ይዘው ቀሩ፤ ነቢዩ ወጥተው ሲመለሱ አሁንም እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ተነሱ ለማለትም አፈሩ። በዚህ ምክንያት የወረደው አንቀጽ በሱረቱል አሕዛብ 53ኛው ነው። ምግብ ከበላችሁ በኋላ ተበተኑ፣ ለወግ ብላችሁ አትቆዩ የሚል መልእክት አለው። በጠባብ ቤት የሚደግስ ሰው ይህን አንቀጽ ሊያውቀው ይገባል፤ እንግዳው ደግሞ ከእሱ ይበልጥ።

ሌላም ላክል። የዑመር ልጅ ዐብደላህ (ረ.ዐ) ደግሰው አቡ አዩብን (ረ.ዐ) ጋበዟቸው። አቡ አዩብ ቤቱ ግድግዳው ላይ መጋረጃ ተጋርዶ አዩ። የዑመር ልጅ "ሴቶቹ አሸነፉን" ዓይነት መልስ ሰጡ። አቡ አዩብ ግን ከአንተ አልጠብቅም ነበር ብለው ሳይበሉ ተመለሱ። ቡኻሪ ይህን ያሰፈሩት በድግስ ቦታ የማይገባ ነገር ያየ እንግዳ ይመለስ እንደሆነ በሚያነሱበት ርዕስ ሥር ነው። "ሴቶቹ አሸነፉን" የምትለዋን ሰበብ ዛሬም የዲኮር ሒሳብ በመጣ ቁጥር እንሰማታለን። (በበኩሌ ሴቶቹ ብቻቸውን አሸንፈው አያውቁም ባይ ነኝ፤ ወንዶቹም መሸነፍ እንወዳለን።)

በመሆኑም ቀዳሚው ሥራ ቦታ መዞር ሳይሆን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መቀመጥ ነው። መጀመሪያ ሊቀሩ የማይገባቸውን ጻፉ፦ ዘመድ፣ የግድግዳ ጎረቤት፣ የእድር ሰው፣ ያስቀራችሁ ኡስታዝ፣ በቤታችሁ የሚያገለግል ሰው። ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቁጥሩ ሲታወቅ ኪስ ይጠየቃል። ለምሳሌ አንድ አዳራሽ ለአንድ ሰው 1,000 ብር ጠየቀ እንበል። ለ300 ሰው 300,000 ብር ብሎ ያሰላ አባት ተሳስቷል። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከል 330,000፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 379,500 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 79,500 ብር ነው። ከዚህ የሚበልጠው አቅማችሁ ካልሆነ መቀነስ ያለበት ሰው ሳይሆን ቦታው ነው። ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) በአንድ በግም ቢሆን ደግስ ነው የተባሉት፤ ተበደር አልተባሉም።

አማራጭ አለ። ብዙ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ለእርድና ለድግስ የሚሆን የጋራ መገልገያ ሕንፃ አላቸው። የእድር ድንኳንም አለ፤ ድስቱ፣ ወንበሩና ሳህኑ አብሮ ይመጣል። ድንኳን መንገድ ላይ የሚተክል ሰው ግን የመንገድን ሐቅ ያስብ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ላይ የሚቀመጥ ሰው ለመንገዱ ሐቁን እንዲሰጥ ያዘዙት ለተራ መቀመጥ ነው፤ መንገድ ለዘጋማ ምን ይባላል? አምቡላንስ የሚያልፍበት ይተው፤ ማይክራፎኑም ከታመመ ጎረቤት መስኮት ሥር አይጮህ።

ኒካሑን ከወሊማው መለየትም ወጪ ያቃልላል። ዐቅዱ በልጅቱ ቤት ወይም በመስጊድ ጥቂት ሰዎች ባሉበት ይታሰራል፤ ወሊማው በሌላ ቀን በሰፊው ይሆናል። በመስጊድ ማሰርን ብዙ የፊቅህ ዑለማኦች ይወዱታል። ሆኖም በመስጊድ እንዲሆን የሚያዘው ሐዲስ ሰነዱ ደካማ መሆኑን የሐዲስ ሊቃውንት ስለተናገሩ በቤቱ ያሰረውን ሰው መውቀስ አይገባም።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልበል፤ ቀን ቦታን ይወስናልና። ክርስቲያን ወገኖቻችን በሁዳዴ ጾም ሰርግ ስለማይደግሱ በጥርና በሚያዝያ ይበረታሉ፤ ያኔ አዳራሽ በወረፋ ነው። በሁዳዴ ግን አዳራሹ ባዶውን ስለሚውል ባለቤቱ ዋጋ ለመቀነስ ልቡ ይከፈታል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ በተቀራራቢ ቀን ስለገቡ ይህ ዕድል ጠቦ ነበር። የጨረቃው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ረመዳን እየቀደመ ይሄዳል፤ አብዛኛው ሁዳዴም ከዒድ በኋላ ይውላል። እርግጥ በዚያ ወቅት የሚጋበዙት ክርስቲያን ጎረቤቶች ጾመኞች ናቸውና ሽሮውና አትክልቱ ለብቻው በሚገባ ይሠራላቸው። በፍስክ ወራትም ቢሆን በእኛ እርድ አይበሉምና ማዕዳቸው ይታሰብበት። አዳራሹ ሁለት ወጥ ቤት ወይም ቢያንስ ሁለት የተለየ የዕቃ መስመር አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ከዚህ የተነሳ ነው።

አዳራሹን ስታዩ መብራቱንና መጋረጃውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ወጥ ቤት ግቡ። ማን እንደሚያርድ፣ ሥጋው ከየት እንደሚመጣ፣ ቢላዋውና ድስቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ። መጠጥ የሚሸጥ ቤት ከሆነ በዕለቱ ባሩ እንደሚዘጋ በጽሑፍ ያስፍሩላችሁ፤ መጠጥ የሚዞርበት ማዕድ ላይ መቀመጥ የተከለከለ ነው። ለሴቶች የተለየ ክፍልና የተለየ በር አለ? ውዱእ የሚደረግበት ውኃ፣ ሰላት የሚሰገድበት ቦታስ? የምሳ ድግስ ዙህርና ዐስርን አንድ ላይ ይይዛል፤ ሙሽሮቹም ሰጋጆች ናቸው። ለሙሽራዋ ውዱእ የሚያስቸግር ጌጥና ቀለም ሲቀባ እነዚህ ሰዓቶች ይታሰቡ።

ውሉ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ መስመር አለ፤ የተረፈው ምግብ የማን ነው የሚለው። አንዳንድ አዳራሾች የተረፈ ምግብ ከግቢያቸው እንዲወጣ አይፈቅዱም። ከእህቴ ልጅ ሰርግ በኋላ የወንድሜን ልጅ ስንድር ይህን አስቀድመን አጻፍን። ንጹሕ ባልዲና ሳፋ ይዘን ሄድን፤ ዐስር ከመድረሱ በፊት ሥጋውና እንጀራው መስጊድ አጠገብ ለሚቀሩት ደረሶች ደረሰ። እኒያ ጎረቤታችን እናት በዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከሙሽራዋ እናት ጎን ተቀምጠው ነበር፤ ደረሶቹ ድርሻቸውን አላገኙም እንዳይባል ባልዲውን ሲያስሞሉ የዋሉትም እሳቸው ናቸው።