የጠጅ ሰፈፍና የመኪና ሰም

«በእጃችሁ ሠርታችሁ ስለምታውቁት ነገር ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ሲሰጠን የክፍላችን ግማሹ ወደ ዶሮ ወጥ ሮጠ። እኔ ደግሞ ዓምና ግንቦት ላይ ዳንግላ፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ አበላሽቼ ስላስተካከልኳት መኪና ልጻፍ።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች ቀይ ቶዮታ ዲኤክስ ነች። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለችውን አሮጌ የሚንቃት የለም። አጎቴ ልጁን ለማሳከም ሊሸጣት ቆርጦ፣ አንድ የከተማችን ነጋዴ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጥቶ ሊያያት ተስማምተዋል። የኮፈኑ ቀለም ግን ነጥቶ ኖራ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር።

«ሰም ቢቀባ እኮ ያምራል» አልኩ። ሰም ደግሞ የኛ አገር ነገር ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ነች፣ በሰምም ከዓለም ዋና ዋና አምራቾች አንዷ። ብዙው ሰም የሚገኘው ከጠጅ ቤት ነው፤ ማሩ ተበጥብጦ ጠጁ ሲጠለል ከላይ የሚቀረው ሰፈፍ ቀልጦ ይጣራል። እኔም ከጎረቤት ጠጅ ቤት ሰፈፍ ለምኜ፣ በፈላ ውሃ አቅልጬ፣ በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ፣ ኮፈኑን ለቀለቅሁት። ለአንድ ሰዓት ያህል አበራ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲወጣበት ተለጣጠፈ፤ ማታ የመንገዱ አቧራ ሁሉ እሱ ላይ አደረ። አጎቴ ጠዋት አይቶ «አንቺ ልጅ፣ መኪናዬን ጧፍ አደረግሻት እኮ!» አለኝ። ሳቅሁ፣ እሱ ግን አልሳቀም።

ምክንያቱን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 እና 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ቢሆንም ገና 35 አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ ብረት ይህን በቀላሉ ያልፋል። በቆርቆሮ የሚሸጠው የመኪና ሰም ውስጥ ብዙ ጊዜ ካርናውባ የሚባል አለበት፤ ብራዚል ውስጥ የሚበቅል ዘንባባ ቅጠሉ እንዳይደርቅ የሚለብሰው ሰም ሲሆን፣ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። በዚያ ላይ በሚተን ፈሳሽ ስለሚቀጥን በስሱ ይቀባል። (ቤት ውስጥ ሰምና ቤንዚን እሳት ላይ ቀላቅላለሁ የሚል ካለ፣ ኧረ ተው!)

የለቀለቅሁትን በጨርቅ ላይ ትንሽ ላምባ አድርጌ አስለቀቅሁ፣ ወዲያው በሳሙና አጠብኩ። ከዚያ ከአንድ ጋራዥ ፖሊሽና ሰም ገዛሁ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚያሳስተው ነገር አለ፤ ሁለቱንም «ፖሊሽ» ይላቸዋል። ፖሊሽ ቀለሙን በስሱ ይፍቃል፣ ሰም ግን ላዩ ላይ ይቀመጣል። የመኪና ቀለም በጠቅላላው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ሲፍቁት ኖረው አንድ ቀን ብረቱ ላይ ይደርሳሉ። ፖሊሹን ስሞክር ጨርቄ ቀይ ሆነ፣ ደነገጥኩ። ለካ አሮጌ መኪኖች ብዙዎቹ ከቀለሙ በላይ ግልጽ ሽፋን የላቸውም፤ የሚለቀው የሞተው የላይኛው ቀለም ነው። አንዴ ብቻ፣ በቀስታ አሸሁና ተውኩት።

ዋናው ሥራ እጥበቱ ነው። ከጣሪያ ወደ ታች፣ በሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለሳሙና አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። አሸዋ የያዘ ጨርቅ ቀለሙን ይቧጭራል። ኦሞ ሰሙን ያነሳዋል፣ የመኪና ሻምፖ ይሻላል። ከደረቀ በኋላ መኪናዋን ጥላ ሥር አቁማችሁ ብረቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ካልቀዘቀዘ ጠብቁ። ሰሙን በስሱ፣ አንዱን በር ጨርሳችሁ ወደ ሌላው። ወፍራም ቢቀባ አይጠቅምም፣ ለመጥረግ ያለፋል እንጂ። ጭጋግ መስሎ ሲደርቅ በጣት ሞክሩት፤ ጣታችሁ ያለፈበት ጠርቶ ከታየ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ወይም ባረጀ የጥጥ ካናቴራ ጥረጉ። ጥቁር ፕላስቲክና ጎማ ላይ አታስነኩ፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

የኋላው ፓራፋንጎ ላይ ቀለሙን ያሳበጠ ዝገት ነበር። ሰም ዝገትን አያቆምም፣ ውስጥ ውስጡን ይበላል። ስቱኮ ሞልቼ ቀይ ቀለም ላስነካው ስል አጎቴ እጄን ያዘኝ። «እሱን ተዪው፣ ሰውየው ይየው» አለ።

ሰውየው አየው። ዋጋ ቀነሰ፣ ተከራከሩ፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ተዋዋሉ። ልጁም ታከመ።

ነሐሴ ላይ መኪናዋን ገበያ ዳር ዝናብ ሲመታት አየኋት። በሮቹ ላይ ውሃው አሁንም እንደ ዶቃ ይንከባለላል፣ ኮፈኑ ላይ ግን ተንጣሎ ተኝቷል። ፀሐይና ዝናብ ቶሎ የሚጨርሰው እሱን ነው። ለባለቤቱ ልነግረው ፈልጌ ነበር፣ መኪናው ውስጥ አልነበረም።