ከጆንያው የጎደለው ትንፋሽ

የወንድሜ ልጅ፣ አሶሳ ላይ እህል ልትነግድ መሆኑን ሰማሁ። ዕድሜዬን በማሽላና በበቆሎ መካከል የፈጀሁ ሰው ነኝና ጥቂት ልንገርህ።

1. እህል ይተነፍሳል። ደርቆ የተኛው ማሽላ ሕይወት አለው፤ እንደ እኔና እንዳንተ ኦክስጅን ይስባል፣ በውስጡ ያለውን ስኳር ያቃጥላል። ሒሳቡ ይኸውልህ፦ 180 ግራም ግሉኮስ ከ192 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲቃጠል 264 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 108 ግራም ውኃ ይሆናል። ደምረው፤ የጠፋ ነገር የለም። ጋዙን ግን ጆንያ አይዘውም። ሰውም ሲከሳ እንደዚሁ ነው፦ 10 ኪሎ ስብ ቢነድ 8.4 ኪሎ ያህሉ በትንፋሽ ይወጣል፤ ላብ ብቻ የሚመስላቸው ተሳስተዋል።

2. ሚዛን ቢጎድልብህ ሰው ላይ አትጩህ። እኔ ጮኼአለሁ። ኅዳር ላይ ያስገባሁትን ማሽላ መጋቢት ላይ ስመዝነው ጎደለ፤ ጠባቂዬ ቢምል ቢገዘት አላመንሁትም፣ አባረርሁት። እህሉ ከአውድማ በእርጥቡ የመጣ ነበር። የጎደለው ባብዛኛው በበጋው የደረቀ ውኃ ነው፤ የቀረው የእህሉ ትንፋሽና የነቀዙ ድርሻ። ይህን የተረዳሁት ሰውየው አገር ለቆ ከሄደ በኋላ ነው።

3. እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ ሳይወርድ አታስገባ። እርጥብ እህል ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ውኃና ሙቀት ያወጣል፤ ያ ደግሞ ይብሱን ያስተነፍሰዋል፣ ሻጋታም ይጠራል። በእኛ አገር ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነውና በእነዚያ ወራት እጅህን ወደ ጆንያው መሐል ሰድደህ ዳብስ። ከሞቀህ ሳታድር ዘርግፈህ አስጣው።

4. በእርጥብ ብቅል አትታለል። የበቀለ ማሽላ ውኃ ስለጠጣ ይከብዳል፤ ሲደርቅ ግን ከጥሬው ያንሳል። በቅጠል ተሸፍኖ ሲያበቅል ከራሱ ስንቅ እየበላ ነው፤ የሚጨምረው መሬት ላይ ለምልሞ ፀሐይ ሲያገኝ ነው።

5. ፒክስ ከረጢት ግዛ። አየር አያስገባም፤ ነቀዙ ውስጡ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርስና መብላቱን ያቆማል። መድኃኒት አያስፈልግህም። አፉን ግን በየቀኑ አትፍታ።

6. ስታስገባ ክብደቱንም እርጥበቱንም ጻፍ፤ ስታወጣም እንደዚያው። ስትመዝን ጠባቂህ አጠገብህ ቆሞ ይይ።