መጀመሪያ ሰፈሩን ጠይቅ

ልጄ፣ ሎስ አንጀለስ ከገባህ ገና ወራት ነው። እኔ የሸበትኩት በዚችው ከተማ ታክሲ ስነዳ ነው። እንደመጣሁ ሆቴሎች አካባቢ ባለ አንድ ቤት ቢጫ ቺዝ የተከመረበት ሳህን ቀርቦልኝ «የሜክሲኮ ምግብ ማለት ይሄ ነው» ብዬ ተውኩት። ብዙ ዓመት ቀረብኝ። አንተ እንዳይቀርብህ ይህን ስማኝ።

1. የሜክሲኮን ምግብ አንድ ገበታ አታድርገው። የጎንደር፣ የጉራጌና የሐረር ማዕድ እንደሚለያይ ሁሉ የሶኖራ ግዛት ምግብም ከዋሃካ ግዛቱ ይለያል። «ጥሩ ቤት የት አለ?» ከማለትህ በፊት «ባለቤቶቹ ከየትኛው ግዛት መጡ? በምን ይታወቃሉ?» በል።

2. በየሰፈሩ ማን እንደሚኖር እወቅ። ኮሪያታውን ስሙ የኮሪያ ቢሆንም ብዙ የዋሃካ ሰው ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተው ጌላጌትሳ የተባለው የዋሃካ ምግብ ቤት እዚያው ኦሊምፒክ ጎዳና ላይ ነው፤ በ2015 ለምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የጄምስ ቢርድ ሽልማት አግኝቷል። ጥቁር ሞሌ የሚሉትን ወጥ ቅመስ። የተጠበሰ ደረቅ ቃሪያ፣ ቅመምና ቸኮሌት ተፈጭቶ ቀስ ብሎ የሚበስል ነው፤ ወጥ የለመደ ምላስ አይከብደውም። መሃል ከተማ ያለው ሶኖራታውን የተባለው ምግብ ቤት ደግሞ ቶርቲያ የሚሉትን ቂጣ ከስንዴ ይጋግራል፤ ሶኖራ የስንዴና የከብት አገር ነውና። የሃሊስኮ ግዛትን የሥጋ ወጥ፣ ቢሪያን፣ ስትፈልግ ወደ ቦይል ሃይትስ ተሻገር።

3. በቶርቲያው ፍረድ። እንጀራው የተበላሸ ቤት ወጡ ቢጣፍጥ ምን ይረባል? ምጣዱ አጠገብ ቁምና እይ። ጋጋሪዋ ድቡልቡሉን ሊጥ ተጭና ጠፍጣፋ ታደርገዋለች፣ ምጣዱ ላይ ትጥለዋለች፣ ትገለብጠዋለች፤ ከዚያ እንደ ኳስ ይነፋል። በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ካደረ በቆሎ የተሠራ ከሆነ ሽታው ከሩቅ ይጠራሃል፤ ስታጥፈውም አይሰነጠቅም።

4. ሥጋውን ሳትጠይቅ አትጉረስ። አል ፓስቶር፣ ካርኒታስና ቾሪሶ በአብዛኛው የአሳማ ናቸው። ካርኔ አሳዳ የበሬ ነው፤ ቢሪያ የፍየል ወይም የበሬ፣ ባርባኮዋ የበግ ወይም የበሬ ይሆናል። ባቄላውንም አትመነው። አንድ ዓቢይ ጾም ባቄላ ነው ብዬ በልቼ ስጨርስ በአሳማ ስብ መታሸቱን ሰማሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ማንቴካ አለው?» ብለህ ጠይቅ፤ ማንቴካ የአሳማ ስብ ነው። በጾም ቀን ቺዝ እንዳያደርጉበት ነግረህ የተጠበሰ የቁልቋል ቅጠል፣ ኖፓል የሚሉትን፣ ከአቮካዶና ከሳልሳ ጋር ብላ።

5. ቀኑን ለይ። ባርባኮዋ የቅዳሜና የእሑድ ጠዋት ምግብ ነው፤ ካለቀ አለቀ፣ ከሰዓት በኋላ ብትሄድ ድስቱ ታጥቦ ታገኘዋለህ። በቶርቲያ የተጠቀለለ ታኮ የሚሸጥበት መኪና ግን ሲመሽ ነው የሚደምቀው።

6. መኪና ላይ የሚሸጠውን አትናቅ። ዛሬ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ኪንግ ታኮ እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመረው ከአይስክሬም መኪና ነው። ሃምሳ ዓይነት ከዘረዘረ ቤት አንዱን ነገር አሳምሮ የሚሠራው ይበልጥብሃል። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የጤና ቢሮ ፊደል ተመልከት፤ «ኤ» ከሆነና ሰልፉ ላይ የሰፈሩ ሠራተኛ ካለ ተሰለፍ።

7. እንደ እንግዳ በአክብሮት ግባ። «ቡዌናስ ታርዴስ» ብለህ ሰላም በል፣ ስትወጣም «ግራሲያስ» ብለህ አመስግን። በቆሎውም፣ የቁልቋሉ በለስም፣ የበርበሬያችን ዘርም ከእነሱ አገር የተነሣ ነው፤ የወጣችን ቅላት የእነሱ ገበሬ ውለታ አለበት። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ትንሿ ኢትዮጵያ በተባለው ሰፈራችን፣ አንድ የማናውቀው ሰው ገብቶ «ይህ እንጀራ ከምንድን ነው?» ሲል፣ እጁን ታጥቦ እንደኛው ሲቆርስ ልባችን ምን ያህል እንደሚሞቅ አይተሃል። አንተም በእነሱ ደጃፍ እንደዚያ ሰው ሁን።